«ኃይል» እና «ከፍታ»፦ የትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ ታሪክ ለስያሜ ቃላት ያበረከተው ትምህርት

መግቢያ

አንድ ቃል ብዙ ትርጉም መሸከሙ ለቅኔና ለወግ ሀብት ነው፤ ለሙያ ግን ዕዳ ሊሆን ይችላል። «ኃይል» የሚለው ቃላችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከግእዝ የወረስነው ይህ ቃል ብርታትን ይገልጻል፤ ሠራዊትንም ይገልጻል። «አየር ኃይል» ስንል ጦርን፣ «መብራት ኃይል» ስንል የኤሌክትሪክን ነገር፣ «ኃይለ ቃል» ስንል ደግሞ ቁጣ ያዘለ ንግግርን ማለታችን ነው። ተናጋሪውም ሰሚውም ትርጉሙን ከአገባቡ ስለሚረዱት በዕለት ኑሮ ችግር አይፈጠርም። ነገር ግን አንድ ተማሪ «አውሮፕላኑ በደጋ አየር ኃይል ያንሰዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያነብ፣ ያነሰው ምን እንደሆነ ቃሉ ብቻውን አይነግረውም። ሞተሩ በአንድ ሴኮንድ የሚያከናውነው ሥራ ነውን? ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚስብበት ብርታት ነውን? ወይስ ክንፉ ክብደቱን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚያነሣበት? ስስ አየር ሦስቱንም ይነካል፤ የሚነካቸው ግን በልዩ ልዩ መንገድ ነው፤ መድኃኒታቸውም ልዩ ልዩ ነው።

«ከፍታ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ለተራራ ወጪው ከፍታ አንድ ነገር ነው፤ ለአብራሪው ግን ቢያንስ ሦስት ነው። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ሦስት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ እንደ ማስቀመጥ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቶቹ በሳይንስ ታሪክ እንዴት አንድ በአንድ እንደተለዩ ማሳየት፣ ከዚያም ደጋማ በሆነው አገራችን ለሚበርር ሰው ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ የተለየ ስም መስጠት ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ማስረዳት ነው። ዘመናቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. አየር ክብደት እንዳለው መታወቁ

ነገሩ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ሳይሆን ከባዜቃ ነው። በ1640ዎቹ ኢጣልያዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በአንድ በኩል የተደፈነ የመስተዋት ቱቦ ባዜቃ ሞልቶ ባዜቃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ቢደፋው፣ ባዜቃው ፈጽሞ አልወረደም፤ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆሞ ቀረ። ቶሪቼሊ ይህን ያቆመው በገንዳው ላይ የተኛው የአየር ክብደት ነው አለ። ሰው በአየር ባሕር ግርጌ እንደሚኖር የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

አየር ባሕር ከሆነ፣ ወደ ላይ የወጣ ሰው ከበላዩ የሚቀረው አየር ያነሰ መሆን አለበት። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ይህን ሐሳብ ለመፈተን እኅቱን ያገባውን ፍሎሬን ፔሪዬን ለመነው። ፔሪዬ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ፒዊ ደ ዶም የተባለውን ተራራ ቱቦና ባዜቃ ይዞ ወጣ። በተራራው ጫፍ ላይ ባዜቃው ከግርጌው ይልቅ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በዚያች ቀን ከፍታና የአየር ግፊት ተዛመዱ፤ አንዱን ለክቶ ሌላውን ማወቅ ተቻለ። ወደ ፊት እንደምናየው፣ ይህ ዝምድና ለበረራ ታላቅ ጥቅም የሰጠውን ያህል የቃላት መደበላለቅንም አስከትሏል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት ይኖርባቸዋል። የመጀመሪያው «ግፊት» ነው፤ አየሩ በአንድ የተወሰነ ስፋት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ሁለተኛው «እፍጋት» ነው፤ በአንድ የተወሰነ ይዘት ውስጥ ምን ያህል አየር እንደታፈገ የሚገልጽ ነው። ግፊቱ ሳይለወጥ አየሩ ቢሞቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ እፍጋቱ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ አንድ ሊትር አየር 1.225 ግራም ይመዝናል። ተራራ ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ፀሐይ ሲበረታም እንደዚሁ። ሞተርም ፕሮፔለርም ክንፍም የሚያውቁት ይህን እፍጋት ነው። የአየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ኦክሲጅን መሆኑ ግን ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ሁሉ አይለወጥም። በመሆኑም «ላይ ኦክሲጅን የለም» የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት ነው፤ ያነሰው የአየሩ ሁሉ ብዛት ነው።

፪. ፈረስ እንዴት መለኪያ ሆነ

እስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን በሚሸጥበት ዘመን ገዢው የሚያውቀው ፈረስን ነበር። ስለሆነም ዋት በ1780ዎቹ መጀመሪያ ግድም አንድ ፈረስ የሚሠራውን ሥራ በቁጥር ወሰነ፤ ይኸውም 33,000 ፓውንድ ክብደትን በአንድ ደቂቃ አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ነው። በሜትር የሚለኩት የአውሮፓ አገሮች በበኩላቸው 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ማንሣት ብለው ወሰኑት። የመጀመሪያው 746 ዋት፣ ሁለተኛው 735.5 ዋት ያህል ነው። እንግዲህ መለኪያ የሆነው ፈረስ ራሱ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው።

አማርኛ ይህን መለኪያ «የፈረስ ጉልበት» ብሎ ተቀበለው። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወጥመድ አለበት። «ጉልበት» በመሠረቱ የአካል ክፍል ነው፤ ከዚያ በመነሣት የመግፋት፣ የመሳብና የመሸከም ብርታት ሆኗል። ዋት የለካው ግን ብርታትን ብቻ አይደለም፤ ብርታትን ከፍጥነት ጋር አጣምሮ ነው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ኩንታል እህል ወደ ጎተራ ቢያወጡ፣ አንዱ በአንድ ደቂቃ ሌላው በሁለት ደቂቃ ቢጨርስ፣ ሁለቱም የተሸከሙት ክብደት እኩል ነው፤ የሠሩትም ሥራ እኩል ነው። የሚለያዩት ሥራውን በፈጸሙበት ጊዜ ነው። ይህ በጊዜ የተካፈለ ሥራ ከጉልበት የተለየ ስም ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ «ኃይል» የምንለው እርሱን ብቻ ነው፤ «ጉልበት» የምንለው ደግሞ ግፊያን ወይም ስበትን ነው።

ለአውሮፕላን ልዩነቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ቆሞ ሳለ ሞተሩ በሙሉ ኃይል የሚሽከረከር አውሮፕላን ፕሮፔለሩ በከፍተኛ ጉልበት ይስበዋል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ግን ያው የሞተር ኃይል ለጉልበት የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል። ኃይልና ጉልበት አንድ ስም ካላቸው ይህን ሐቅ በአማርኛ መናገር እንኳ አይቻልም፤ «ኃይሉ ሳይቀንስ ኃይሉ ይቀንሳል» ማለት ይሆናልና።

፫. ሞተሩ ወደ ሰማይ ሲወጣ

ወንድማማቾቹ ዊልበርና ኦርቪል ራይት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሞተር ሲበሩ፣ ሞተራቸው 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበረው። የበረሩት ከባሕር ዳርቻ፣ ውርጭ ባለበት ቀን፣ ብርቱ ነፋስ ፊት ለፊት እየነፈሰ ነው። ዝቅተኛ ቦታና ቀዝቃዛ አየር ማለት እፍግ አየር ማለት ነው፤ ደካማው ሞተር የቻለውም በዚህ ጭምር ነው።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ አብራሪዎች ተራራ መሻገር ጀመሩ። ከፔሩ ወላጆች በፓሪስ የተወለደው ሆርሄ ቻቬስ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1910 በብሌሪዮ አውሮፕላን የአልፕስን ተራሮች በሲምፕሎን መተላለፊያ በኩል ተሻገረ። መተላለፊያው 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከአዲስ አበባ ያነሰ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ቻቬስ ተራራውን አለፈ፤ ዶሞዶሶላ ላይ ሊያርፍ ሲል ግን አውሮፕላኑ ተከስክሶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ።

ሞተር ከፍ ባለ ቦታ ለምን እንደሚደክም ለመረዳት አሠራሩን በአጭሩ ማየት ይበቃል። ፒስተኑ ሲወርድ ሲሊንደሩ በአየርና በነዳጅ ድብልቅ ይሞላል፤ ሲወጣ ድብልቁን ያፍጋል፤ ድብልቁ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፤ በመጨረሻም ጭሱ ይወጣል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው ይዘት አይለወጥም፤ በይዘቱ ውስጥ ያለው የአየር ብዛት ግን ይለወጣል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 15 ኪሎ ግራም ያህል አየር ስለሚፈልግ፣ የሚቃጠለውን ነዳጅ የሚወስነው ነዳጁ ሳይሆን አየሩ ነው። ሞተር በነዳጅ ይሠራል ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር የሚኖረው በአየር ነው።

ይህ በተግባር የታየበት ታላቅ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ ተደረገ። መሐንዲሱ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ በኮሎራዶ የሚገኘውን 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የፓይክስ ተራራ ወጣ። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ይኸው ሞተር በተራራው ጫፍ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቀጥሎ ሞስ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር፣ አየሩን እያፈገ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ ገጠመለት፤ ሞተሩም 356 ሰጠ። ዛሬ «ተርቦ» የምንለው መሣሪያ ነው። ሐሳቡን ቀደም ብሎ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሺ በ1905 በፈጠራ መብት አስመዝግቦት ነበር፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ፈረንሳዊው ኦጉስት ራቶ ለአውሮፕላን ሞተር አውሎታል። ከፈተናው የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ተራራው ላይ አልተበላሸም፤ አልታመመምም፤ የሚተነፍሰው አነሰው እንጂ።

በ1934 ጋግና ፋራር የተባሉ ተመራማሪዎች ተርቦ የሌለው ሞተር ኃይል ከአየር እፍጋት ጋር እንዴት እንደሚወርድ የሚያሰላ ቀላል ቀመር አወጡ። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ጋር ተነጻጽሮ በ1.132 ይባዛል፤ ከውጤቱም 0.132 ይቀነሳል። የሚቀነሰው ቁጥር ምክንያት አለው። ሞተር ከሚያመነጨው ኃይል ከፊሉን የራሱን ፍትጊያ ለማሸነፍ ያውለዋል፤ ይህም ወጪ በከፍታ ምክንያት እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ ለፕሮፔለሩ የሚተርፈው ኃይል ከእፍጋቱ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል።

ስስ አየር ግን ጠላት ብቻ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ተቃውሞውም ይቀንሳል። ተርቦ ያለው አውሮፕላን የሞተሩን ኃይል ሳያጣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በዚያው ኃይል ከታች ከሚበርረው ይልቅ ፈጥኖ የሚጓዘው ስለዚህ ነው።

፬. ከፍታን የማይለካው ከፍታ መለኪያ

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃላችን እንመለስ። በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ አየር የወጣለት ስስ የብረት ሣጥን ሠርቶ በባዜቃ ፈንታ የአየርን ግፊት እንዲለካ አደረገ። ሣጥኑ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ያብጣል፤ ሲጨምር ይኮማተራል፤ እንቅስቃሴውም ወደ ጠቋሚ ይተላለፋል። አውሮፕላን ሲመጣ ይህ መሣሪያ የግፊት ቁጥሮቹ ተፍቀው በከፍታ ቁጥሮች ተተክተውለት «ከፍታ መለኪያ» ተባለ። በ1928 ፓውል ኮልስማን እጅግ ስሜተ ስል የሆነና የዕለቱ ግፊት የሚሞላበትን ዓይነት ሠራ፤ በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ጂሚ ዱሊትል ውጭውን ሳያይ በመሣሪያ ብቻ ተነሥቶ ሲያርፍ በዚሁ ተጠቅሟል።

ነገር ግን ጠቋሚው የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው፤ ከፍታን አይቶት አያውቅም። ግፊትን ወደ ከፍታ ለመመንዘር አየሩ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው። ስለሆነም የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1952 «መደበኛ ከባቢ አየር» የተባለውን የጋራ ስምምነት አጸደቀ፤ ይህም በባሕር ጠለል 1,013.25 ሄክቶ ፓስካል ግፊትና 15 ዲግሪ ሙቀት፣ ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር ነው። በየትም አገር እንደዚህ ያለ አየር ሳይዛነፍ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ሆኖም ሁሉም የሚለካበት ቁና ሆነ።

በዚህ ምክንያት «ከፍታ» ለሦስት ተከፈለ። የመጀመሪያው ከባሕር ጠለል በላይ በሜትር የሚለካው እውነተኛ ከፍታ ነው። ሁለተኛው የግፊት ከፍታ ነው፤ የዛሬው ግፊት በመደበኛው አየር የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ይነግራል። ሦስተኛው የእፍጋት ከፍታ ነው፤ የዛሬው እፍጋት በመደበኛው አየር የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ይነግራል። ተራራን የሚያስቀር የመጀመሪያው ነው፤ በአየር ላይ አውሮፕላንን ከአውሮፕላን ለመለየት የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው፤ ሞተርና ክንፍ የሚታዘዙት ግን ለሦስተኛው ነው።

፭. በእኛ ደጋ

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ ያመጣው ፖቴዝ 25 ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ አብራሪነት ተምረው ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተቈጠሩ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር በኢትዮጵያ የተሠራችውን ትንሽ አውሮፕላን አበረረ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ኢጣልያኖች ወስደዋት በአገራቸው ሙዚየም ስትታይ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

የፀሐይ ሞተር ዋልተር ቬኑስ የተባለ 115 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው፤ ሞተር ሠሪ ሁሉ በሞተሩ ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ ስንት ነው? ለስሌት እንዲመች 2,334 ሜትር ከፍታ ያለውን የቦሌን ሜዳ እንውሰድ። በመደበኛው አየር በዚህ ከፍታ ያለው ግፊት 763 ሄክቶ ፓስካል ያህል ነው፤ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህሉ ጎድሏል። በማለዳ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲሆን አየሩ የባሕር ጠለሉን እፍጋት 77 በመቶ ያህል ይይዛል፤ የእፍጋት ከፍታውም 2,700 ሜትር ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን እፍጋቱ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል፤ የእፍጋት ከፍታውም ወደ 3,200 ሜትር ይወጣል። በጋግና ፋራር ቀመር መሠረት 115ቱ የፈረስ ጉልበት በማለዳ 85፣ ከሰዓት በኋላ 80 ያህል ይሆናል። ዛሬ በብዙ አገር ለማስተማሪያ የሚያገለግሉት ባለ 160 የፈረስ ጉልበት ትንንሽ አውሮፕላኖችም በዚያ ሰዓት የሚሰጡት 110 ያህል ነው።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በሞቃት ቀን አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሞተሩ እንጦጦ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሜዳው አልተንቀሳቀሰም፤ ከፍታው ግን ከማለዳ እስከ ቀትር 500 ሜትር ያህል ጨመረ። «ከፍታ» የሚለውን ቃል ሳይከፋፍሉ ይህን እንዴት ማስተማር ይቻላል?

እዚህ ላይ ቋንቋችን የራሱ የሆነ ሀብት እንዳለው ማስታወስ ይገባል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚሉት ቃላት በሜትር የተለኩ አይደሉም፤ ከፍታን ከሙቀትና ከአዝመራ ጋር አጣምረው አንድ አገር እንዴት እንደሚኖርበት የሚገልጹ ናቸው። የእፍጋት ከፍታም እንደዚሁ ከፍታንና ሙቀትን አጣምሮ አየሩ እንዴት እንደሚበርሩበት ይገልጻል። አባቶቻችን በእርሻ ያስተዋሉት ዓይነት ጥምረት ነው። ሆኖም ዝምድናው በአንድ ነጥብ ላይ ይገለበጣል። ለገበሬው ሙቀት ወደ ቆላ ያወርዳል፤ ለሞተሩ ግን ሙቀት ወደ ደጋ ያወጣል። ስለዚህ የገበሬውን ቃላት እንዳሉ ወደ በረራ ማዛወር አይቻልም፤ ሐሳባቸውን ግን ለማስተማሪያነት መጠቀም ይቻላል።

ትንንሽ አውሮፕላኖች በአገራችን ለጨዋታ ብቻ አልዋሉም። የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች በትንንሽ ኤም.ኤፍ.አይ. 15 አውሮፕላኖች እህል ከአየር ዝቅ ብሎ እንዲጣል አድርጓል። እንዲህ ባለ ሥራ ተጨማሪ አንድ ጆንያ መጫን ወይም መተው፣ በማለዳ መነሣት ወይም ፀሐይ እስኪበረታ መቆየት የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሒሳቡም የሚነገረው በቃላት ነው።

፮. ያልተለየ ቃል የሚያስከትለው

ስስ አየር በመነሻ ላይ ሦስት ዕዳ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሞተሩ ኃይል ያጣል። ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ስለሳሳ ጉልበቱ ይደክማል። ክንፉ ደግሞ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ እውነተኛ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በምሳሌያችን የቦሌ ቀትር 17 በመቶ ያህል ይበልጣል። የፍጥነት ጠቋሚው ራሱ በአየር ግፊት ስለሚሠራ የተለመደውን ቁጥር ያሳያል፤ መሬቱ ግን ከተለመደው ፈጥኖ ያልፋል። አነስተኛ ኃይል ባለው ሞተር የበለጠ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አራት ሰዎች የያዘ ትንሽ ስቲንሰን አውሮፕላን 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የሣር ሜዳ በሞቃት ቀን ተነሣ። ከፍታው ከቢሾፍቱ ጋር ይቀራረባል። መንኰራኩሮቹ መሬት ለቀቁ፤ አውሮፕላኑ ግን ከዛፎቹ በላይ ሊወጣ አልቻለም፤ ጥቂት ከበረረ በኋላ ጫካ ውስጥ ወደቀ። አራቱም ተረፉ። በውስጡ የነበረ ካሜራ የቀረጸው ምስል ከዚያ ወዲህ ለአብራሪዎች ማስተማሪያ ሆኗል። ሞተሩ ሲሠራ ይሰማል፤ የሚታየው ሜዳ ሰፊ ነው፤ አደጋው ያለው በማይታየው እፍጋት ውስጥ ነው። መሬት አጠገብ አየሩ ክንፉን ስለሚያግዘው አውሮፕላኑ ይነሣል፤ ከዚያ በላይ ለመውጣት ግን የተረፈ ኃይል ያስፈልጋል። መነሣትና መውጣት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አብራሪው ማወቅ ያለበት መሬት ላይ ሳለ ነው።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ከቋንቋው ውስጥ እናንሣ። አየሩ ሲሳሳ፣ ነዳጁ ባለበት ከቀጠለ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ኃይሉም የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ አብራሪው በአምራቹ መመሪያ መሠረት ነዳጁን በእጁ ይቀንሳል። አንድ ተርጓሚ ይህን ተግባር «ድብልቁን ማሳሳት» ቢለው ከሰዋስው አንጻር ትክክል ነው፤ ከ«ሳሳ» «አሳሳ»፣ ከእርሱም «ማሳሳት» የሚል ንዑስ አንቀጽ ይወጣልና። ነገር ግን ከ«ሳተ» የሚወጣው «አሳሳተ»ም ንዑስ አንቀጹ «ማሳሳት» ነው። በአንድ የበረራ መመሪያ ላይ «ከመነሣትህ በፊት ማሳሳት አትርሳ» ተብሎ ቢጻፍ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረደው። እንዲህ ባለ ቦታ ተራው አማርኛ ከተፈጠረው ቃል ይበልጣል፤ «ነዳጅ መቀነስ» ይበቃል።

የበረራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛ ስያሜ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አይጠፉም። አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ሲነጋገሩ የጋራ ቋንቋ መያዛቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሰንጠረዥ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ሰንጠረዡ ለምን እንደዚያ እንደሚል መረዳት ሌላ ነው። ሰው በባዕድ ቋንቋ የተማረውን ሕግ በጭንቅ ሰዓት የሚያገናዝበው ብዙውን ጊዜ አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። በአፍ መፍቻው ሁለት ነገር አንድ ስም ካላቸው በሐሳቡም ውስጥ አንድ የመሆን ዝንባሌ አላቸው።

፯. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ ከተተረከው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለባለሙያዎችና ለቋንቋ ሊቃውንት ውይይት ቀርበዋል።

ሀ. ጉልበት፦ አንድን ነገር የሚገፋ ወይም የሚስብ። ከዚህም ገፊ ጉልበት (ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚያስኬድበት)፣ አንሺ ጉልበት (ክንፉ የሚሸከምበት)፣ ጎታች ጉልበት (አየሩ የሚቃወምበት) ይወጣሉ።

ለ. ኃይል፦ በአንድ የጊዜ መለኪያ የሚከናወን ሥራ። በዋት ወይም በፈረስ ጉልበት ይለካል።

ሐ. የፈረስ ጉልበት፦ ሕዝብ የለመደው ስለሆነ አይነካ፤ ነገር ግን የመለኪያ ስም ብቻ ሆኖ ይቅር።

መ. ግፊት፦ አየር ወይም ፈሳሽ በአንድ ስፋት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ብቻ። ለፕሮፔለሩ ሥራ «ግፊት» ማለት ይቅር፤ ሁለቱም ከ«ገፋ» ስለሚወጡ በቀላሉ ይደባለቃሉና።

ሠ. እፍጋት፦ በአንድ ይዘት ውስጥ ያለ የአየር ብዛት። ቅጽሎቹ «እፍግ አየር» እና «ስስ አየር» ይሁኑ።

ረ. ከፍታ፦ ብቻውን ሲቆም ከባሕር ጠለል በላይ ያለው እውነተኛ ከፍታ። ሌሎቹ ዘወትር ከነቅጽላቸው «የግፊት ከፍታ» እና «የእፍጋት ከፍታ» ይባሉ።

መደምደሚያ

ከፒዊ ደ ዶም እስከ ፓይክስ ተራራ የተደረገው ጉዞ በአንድ መልኩ የቃላት ታሪክ ነው። ክብደት የሌለው ይመስል የነበረው አየር ግፊት ተሰጠው፤ ግፊት ከእፍጋት ተለየ፤ ጉልበት ከኃይል ተለየ፤ ከፍታም ለሦስት ተከፈለ። እያንዳንዱ ልዩነት የተገኘው በድካም ነው፤ አንዳንዱም በሕይወት ተከፍሎበታል። ሌሎች የከፈሉበትን ልዩነት በነፃ ለመውረስ የሚያስፈልገን ለእያንዳንዱ አንድ ስም ሰጥቶ ስሙን ሳያቀያይሩ መጠቀም ነው። የአገራችን ሜዳዎች ብዙዎቹ ከሌሎች አገሮች ተራሮች ከፍ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ሜዳዎች ላይ «ኃይል» እና «ከፍታ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ መያዝ አውሮፕላኑ ዛፉን ማለፍ አለማለፉን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል የመጀመሪያው መሣሪያ ነው።